የቁምሳጥኔ ቀለም አልደርቅ አለ፤ እሑድ አማቶቼ ይመጣሉ!

የሳላይሿ (ጠያቂ)
እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ባለፈው ሳምንት ከሰኞ ገበያ ያገለገለ ባለ ሁለት በር ቁምሳጥን ገዛሁ። ሰኞ ዕለት ነጭ ዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ አሁንም እጅ ላይ ይጣበቃል። ጠዋት በሩን ስከፍተው ከጠርዙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ልብሳችን ሁሉ በፌስታል መሬት ላይ ነው። እሑድ አማቶቼ ከወረኢሉ ይመጣሉ። ምን ላድርግ?

የጦሳ ጎረቤት
እንጨት ነው ወይስ ቺፕውድ? ከመቀባትሽ በፊት ምን ነበረበት? በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገሽዋል? ቀለሙን በምን አቀጠንሽው?

ጡረተኛው መምህር
ዘይት ቀለም እንደ ታጠበ ልብስ አይደርቅም። መጀመሪያ ማቅጠኛው ይተናል፤ ከዚያ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ብርድና እርጥበት ይህን ያዘገዩታል። ወፍራም አድርገው ከቀቡት ደግሞ ላዩ ቆዳ ያወጣና ሥሩ ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። በነሐሴ፣ በደሴ ጭጋግ፣ ሁለት ወፍራም እጅ ቀለም በአንድ ቀን ደራርበው ከሆነ አለመድረቁ አያስገርምም።

የሳላይሿ
ሙሉ እንጨት ነው፤ ለአራት ሰው ነው የከበደው። ውጪው ቫርኒሽ ነበረው፣ ውስጡ የድሮ አረንጓዴ ቀለም። ያብረቀርቅ ስለነበር ንጹሕ መስሎኝ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጠረግሁት። ቲነር ስለተወደደ በነጭ ጋዝ አቀጠንሁት። ትናንት ማታ እንዲደርቅ ብዬ መስኮቱን ዘግቼ ከሰል አቀጣጥዬ ከአጠገቡ አስቀመጥሁ፤ አሁንም እየነደደ ነው። ያለን አንድ ክፍል ነው፣ ሕፃኑም እዚሁ ተኝቷል። መድረቁ ስንት ቀን ይፈጃል?

እናት ከሆጤ
እህቴ፣ ቁምሳጥኑን ተዪውና ሕፃኑን አቅፈሽ አሁኑኑ ውጪ! በርና መስኮቱን ክፈቺ፣ ከሰሉን ደጅ አውጪ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ተኝቶ የነበረን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የጋዙ ትነትም እሳት ይይዛል። ማውጣትሽን ጻፊልን፤ እየጠበቅሁ ነው።

የሳላይሿ
አወጣሁት። ሕፃኑ ነቅቶ ጡት እየጠባ ነው። እኔን ግን ከጠዋት ጀምሮ ራሴን ያመኛል። የቀለሙ ሽታ መስሎኝ ነበር።

እናት ከሆጤ
ሽታ ነው ብለሽ አትለፊው። ሕፃኑን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ከሰል ያለበት ቤት ዘግታችሁ ማደራችሁን ንገሪያቸው።

የቦርከና ልጅ
አብሽሪ እህቴ! ቁምሳጥኑን በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ላኪው። እኛ ከእናንተ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብለን ነው የምንኖረው፤ ፀሐያችን ቶሎ ያደርቀዋል። አማቶችሽም አብረው ቢወርዱ ቡና እናፈላለን።

ዋንዛ ወዳጅ
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል እላለሁ። ለአራት ሰው የከበደ ሙሉ እንጨት ዋንዛ ሊሆን ይችላል። ያልተቀባውን የጀርባውን እንጨት እዩት። ዋንዛን በነጭ ቀለም መሸፈን ግፍ ነው! ልጣችሁ በቫርኒሽ ብቻ መልሱት።

የሳላይሿ
ወንድሜ፣ ቤታችን አንድ ትንሽ መስኮት ብቻ ነው ያለው። ነጭ የፈለግሁት ብርሃን እንዲመልስልኝ ነው። ቀን አምፖል እያበራሁ ልጅ ማሳደግ ሰልችቶኛል።

ዋንዛ ወዳጅ
ገባኝ። ቢያንስ ጎኖቹን በእንጨቱ መልክ ተዪአቸው።

አናጢው ከሸዋ በር
ልጄ፣ በላዩ አትደግሚበት፤ ከታች ልሙጥ ቫርኒሽ አለ፣ የሚይዘው የለውም። ነጭ ጋዝ ደግሞ ቶሎ አይተንም፣ ቅባትም ይተዋል። ስለዚህ መላጥ አለበት። ደጅ አውጥታችሁ በስፓቱላ ላጡት፤ የቀረውን አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በነካ ጨርቅ ጥረጊ። በሳሙና ውሃ አጥበሽ ሲደርቅ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው፤ ማብረቅረቁ ሲጠፋ በቂ ነው። ጨርቁን ጠቅልለሽ ጥግ አትጣይ፤ ዘይት የነካው ጨርቅ ሲከመር በራሱ ግሎ እሳት ሊይዝ ይችላል። ደጅ ዘርግተሽ አድርቂው።

ለእሑድ ግን አትቀቢ፤ አይደርስም። በሮቹን ፍቺና በገመድ መጋረጃ ስቀይበት፤ ልብስሽ ከመሬት ይነሣል። ዝናቡ ጋብ ባለ ሳምንት በሮቹን አጋድመሽ በስሱ ቀቢ፤ በአንዱና በሚቀጥለው እጅ መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይለፍ።

ጡረተኛው መምህር
አናጢው ያሉት ትክክል ነው። አንድ ልጨምር፦ ውስጡን አረንጓዴውን አይፈግፍጉት። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ አቧራው ለሕፃን አእምሮ መርዝ ነው። አገራችን የቀለምን እርሳስ በሚሊዮን 90 ክፍል የሚገድብ ደንብ ያወጣችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ነው፤ የእርስዎ ቁምሳጥን ከዚያ በፊት የተቀባ ይመስላል። ሳይነኩት ወፍራም ወረቀት ያልብሱት።

የጦሳ ጎረቤት
እኔም ቅድም የጠየቅሁትን እደግማለሁ፤ መፈግፈግ! ውጪው ልሙጥ ቫርኒሽ ሳይፈገፈግ ቀለም በደንብ አይይዝም።

እናት ከሆጤ
እህቴ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ? ራስ ምታቱስ?

እናት ከሆጤ
ነጋ እኮ። አንድ ቃል ጻፊልን።