ውሃ ውስጥ 2 ለ1 ነው ወይስ 1 ለ8? ለልጄ እንዴት ላስረዳት?

ጠያቂ፣ ኮዬ ፈጬ፦
ሰላም ቤተሰብ። ልጄ 9ኛ ክፍል ናት፤ ነገ የኬሚስትሪ ፈተና አለባት። ደብተሯ ላይ ውሃ 2 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ነው ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ 1 ግራም ሃይድሮጅን ከ8 ግራም ኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል ይላል። የቱ ነው ልክ? ኦክስጅኑን ብናበዛውስ? ሽሮ እንኳ ውሃ ሲበዛበት ይቀጥናል እንጂ ሽሮነቱን አይለቅም።

መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ፦
እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው የአቶሞቹ ቁጥር ነው፣ ሁለተኛው ክብደታቸው። አንድ የኦክስጅን አቶም ከአንድ የሃይድሮጅን አቶም 16 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ በክብደት 2 ለ16፣ ሲቃለል 1 ለ8። ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚደናገሩት እዚህች ላይ ነው። ሽሮው ድብልቅ ነው፣ እንደፈለግሽ ታቀጥኚዋለሽ። ውሃ ግን ውህድ ነው፣ ምጣኔው አይለወጥም።

ብየዳ ቤት፣ ገላን፦
እኔ በብሎን ነው የሚገባኝ። አንድ ብሎን ሁለት ዳዶ ይታሰርበታል እንበል። ብሎኑ 30 ግራም፣ አንዱ ዳዶ 10 ግራም ቢሆን፣ አንድም እሰሪ መቶም እሰሪ ክብደቱ ሁሌም 30 ለ20 ነው። ዳዶ በካርቶን ብታመጪም ብሎኑ ካለቀ ትርፉ እዚያው ይቀራል። ግማሽ ዳዶ ደግሞ አይታሰርም። ልጅቷን በእጇ አስይዣት።

መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ፦
ወንድሜ፣ ይህን ነገ ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ! 1 ግራም ሃይድሮጅን በ10 ግራም ኦክስጅን ውስጥ ቢቃጠል 9 ግራም ውሃ ይወጣል፤ 2 ግራም ኦክስጅን ይተርፋል። አቶም በኬሚካዊ ለውጥ ለሁለት አይከፈልማ። ኦክስጅን ሁለት ሃይድሮጅን የሚይዘውም የውጭ ሽፋኑ ላይ 6 ኤሌክትሮን ስላለው ነው፤ 8 ለመሙላት 2 ይጎድሉታል። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፕሩስት በ1790ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከተፈጥሮ የተገኘውንና ራሱ የሠራውን የመዳብ ካርቦኔት መርምሮ ምጣኔያቸው አንድ ሆኖ አገኘው። ያኔ አቶም ምን እንደሚመዝን ማንም አያውቅም ነበር። ይሄ ሁሌም ይደንቀኛል።

ፋርማሲ የምሠራ፣ ሰበታ፦
ቁስል የምናጥብበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም እኮ ከሁለቱ ነው የተሠራው። ምጣኔው ግን በክብደት 1 ለ16 ነው።

መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ፦
አዎ፣ ሌላ ውህድ ስለሆነ የራሱ ቋሚ ምጣኔ አለው። እንደ አንዳንድ የብረት ኦክሳይድ ያሉ ጠጣሮች ትንሽ ያፈነግጣሉ፤ ለነገ ግን አያስፈልጋትም።

ጠያቂ፣ ኮዬ ፈጬ፦
ከጎረቤት ብሎን ተውሰን አሰርን። አሁን ራሷ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሠራች፦ ካርቦን 12 ለኦክስጅን 32፣ ማለትም 3 ለ8። ልክ ናት?

መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ፦
ልክ ናት። አሁን ትተኛ።