የጉድጓዳችን ውኃ ጨው ጨው እያለ ነው፤ ግንቡ ያዋጣል?

ጠያቂ፦ የምንኖረው ባሕር ዳርቻ፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ድሮ ባሕሩ ግቢያችን የሚደርሰው ኃይለኛ ማዕበል ሲነሣ ብቻ ነበር፤ አሁን ጨረቃ ሙሉ በሆነች ቁጥር ይገባል። የጉድጓዳችን ውኃም በደረቁ ወራት ጨው ጨው ይላል። ጎረቤቶቼ ገንዘብ አዋጥተን የድንጋይ ግንብ እንሥራ ይላሉ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጉድጓድ ቆፋሪው፦ መጀመሪያ ጉድጓዱን ያድኑ። ጣፋጩ ውኃ ቀለል ስለሚል የሚኖረው በጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ካለ ከጠለሉ በታች ወደ 40 ሜትር ይወርዳል። ከላይ ግማሽ ሜትር ቢያጎድሉ ታዲያ ጨዉ ከሥር እስከ 20 ሜትር ሊነሣ ይችላል! ስለዚህ ጠለቅ አድርጌ ልቆፍር እንዳይሉ፤ ይብስብዎታል። ፓምፑን ያለማቋረጥ አያሠሩት፤ ጥቂት በጥቂት ይቅዱ። የፓስፊክ ደሴቶች አገር በሆነችው ኪሪባቲ ውስጥ ለደቡብ ታራዋ ነዋሪዎች ውኃ የሚሳበው ጥልቀት በሌላቸው አግድም ቱቦዎች ነው።

ዝናብ አጠራቃሚ፦ ለመጠጥ ግን ከጣሪያ የሚወርደውን ያጠራቅሙ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ። ታንከሩ ትልቅ ይሁን። በዝናብ ውኃ የምትኖረው የፓስፊክ ደሴት አገር ቱቫሉ በ2011 እ.ኤ.አ. ድርቅ ሲመታት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ማወጅ ደርሳለች።

የግንብ ተቃዋሚ፦ ቀጥ ያለ ግንብ የመታውን ማዕበል መልሶ ይልከዋል፤ የተመለሰው ውኃ ደግሞ የግንቡን እግር ይቦረቡራል፣ ጫፉ ላይ ያለውንም ጎረቤት አሸዋ ይወስዳል። ጨዉ ደግሞ ከሥር ነው የሚመጣው፤ ለጉድጓዱ ምን ይጠቅማል? የማልዲቭስ ዋና ከተማ ማሌ በግንብ ተከባለች ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን የተሠራው በጃፓን መንግሥት ርዳታ እንጂ በሰፈር መዋጮ አይደለም።

ሌላ አባል፦ በዚህ አልስማማም። የእኛ ግንብ ዐሥር ዓመት ገዝቶልናል፤ ዐሥር ዓመት ልጅ ያሳድጋል። ይልቅ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከፍ ያለ መሬት ፈልጉ። የፊጂዋ መንደር ቩኒዶጎሎዋ ግንቧ አልበጃት ሲል በ2014 እ.ኤ.አ. ተሰብስባ ወደ ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብላለች።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። መዋጮውን ለታንከር እንዲያደርጉት እነግራቸዋለሁ። ጨዉ መጨመሩን በምን ልወቅ?

ጉድጓድ ቆፋሪው፦ ምላስዎን አይመኑ፤ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። የውኃን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የምትለካ ትንሽ መሣሪያ አለች። በየሳምንቱ፣ ማለዳ ሳይቀዳ ይለኩና ይጻፉ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ሳምንት ፓምፑን ያሳርፉት።