ዋጋ መተመን ወይስ መንገድ መክፈት? በሰሜን ሸዋ ሰዎች መካከል የተደረገ ክርክር

አወያይ፦
ለክርክር የቀረበው ጥያቄ አንድ ነው። አገር በፖለቲካ በታወከችበት ጊዜ መንግሥት በየሱቁና በየእህል ተራው የሚሸጡ መሠረታዊ ሸቀጦችን ዋጋ መተመኑ ሕዝብን የመጠበቅ ግዴታው ነው ወይስ መሥራት የነበረበትን ሳይሠራ ሲቀር የሚሸሸግበት? በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ገብቶ ወደ ደብረ ሲና በገፋበት ሰሞን፣ በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ፣ በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ማግስት ዘንቢል ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ በየራሱ ቋንቋ ጠይቆታል። ሁላችሁም በስም ፋንታ በሥራችሁና በአካባቢያችሁ ትጠራላችሁ። መምህሩ ይጀምሩ።

መምህር፣ ከደብረ ብርሃን፦
እኔ ተመን ያስፈልጋል ባይ ነኝ፤ ምክንያቴም ከደሞዝ ይጀምራል። ነጋዴ ዋጋ ሲጨምርበት ዋጋ ይጨምራል፤ ገበሬም እህሉን ጎታው ውስጥ አቆይቶ የተሻለ ቀን መጠበቅ ይችላል። የወር ደመወዝተኛ ግን የሚጨምረውም የሚያቆየውም ነገር የለውም። በግንቦት 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ አጠቃላይ የዋጋ ግሽበት 37.2 በመቶ፣ የምግቡ ብቻ ደግሞ 43.9 በመቶ ደርሶ እንደነበር የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ አሳውቋል። ይህ ማለት ዓምና መቶ ብር ይበቃው የነበረ አስቤዛ ዘንድሮ ወደ መቶ አርባ አራት ብር ጠየቀ ማለት ነው፤ የእኔ ደመወዝ ግን በዚያ ዓመት አንድ ብር አልጨመረም።

አንድ ነገር በዐይኔ ያየሁትን ልናገር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በአንድ ቀን ወደ 75 ብር ግድም ሲገባ፣ ጠዋት ዋጋውን ጠይቄ ገንዘብ ላመጣ ወደ ቤት የተመለስሁበት ባለ አምስት ሊትር ዘይት ከቀትር በኋላ ዋጋው ተለውጦ ጠበቀኝ። ጀሪካኑ ከመደርደሪያው አልተነቃነቀም፤ አቧራው እንኳ አልተራገፈም። ያ ዘይት በአሮጌው ምንዛሪ የገባ ዘይት ነው። መንግሥት እንዲህ ባለው ሰዓት እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ ለማን ሊደርስ ነው? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መንግሥት የመሠረታዊ ዕቃዎችን ዋጋ እንዲወስን ሥልጣን የሰጠው እኮ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

የእህልና የሸቀጥ ነጋዴ፣ ከደብረ ብርሃን፦
መምህር፣ ልጆቼን ያስተማሩልኝ ሰው ነዎትና በአክብሮት ልመልስልዎ። ስለዚያ ጀሪካን የተናገሩት እውነት ነው፤ እኔም በዚያ ቀን ዋጋ ጨምሬአለሁ፤ አልክድም። ነገር ግን ነጋዴ የሚያሰላው በገዛበት ዋጋ ብቻ አይደለም፤ መልሶ በሚገዛበት ዋጋ ነው። አሥር ጀሪካን በአሮጌው ዋጋ ሸጬ በገንዘቡ ሰባት ብቻ የምገዛ ከሆነ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ዙር ሱቄ ባዶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እርስዎም በርካሽ የሚገዙት ዘይት አያገኙም። ይህን ስግብግብነት ነው የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ሱቄን በሚቀጥለው ሳምንትም ለመክፈት የምከፍለው ዋጋ ነው እላለሁ።

ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። ተመን የሚያየው የመጨረሻዋን ሰው፣ ከመደርደሪያው ኋላ የቆመችውን ብቻ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ከምንጃር ተነሥቶ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ምን እንደሚሆን እንመልከት። አረርቲ ላይ ደላላው አለ፣ ጫኙ አለ፤ አይሱዙው መንገድ ላይ ገመድ በተዘረጋበት ሁሉ ይቆማል። አንዱ ደረሰኝ ቆርጦ ይቀበላል፣ አንዱ ያለ ደረሰኝ ይቀበላል፤ ሌላው ምንም ሳይቀበል እስከ ማግስቱ ያሳድረዋል፤ ማሳደሩም ራሱ ዋጋ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሦስትና አራት ቀን የቆመ መኪና ባለቤት የቆመበትን ቀን በኪራዩ ላይ ይጨምራል፤ ሾፌሩም ሕይወቱን ይዞ የሚሄድ ስለሆነ የፍርሃቱን ያስከፍላል፤ ማንም በቦታው ቢሆን ያስከፍል ነበር። ይህ ሁሉ ተደምሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ በወረቀት የተጻፈ ዋጋ ይዞ የሚመጣው ሰው ስለ መንገዱ አንዲት ቃል አይጠይቀኝም። ከመንገዱ ላይ ያልወረደው ወጪ እንዴት ከእኔ ሚዛን ላይ ይወርዳል?

ያልተሞከረ ነገር እንዳይመስለንም እፈልጋለሁ። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት ከደርዘን በላይ በሚሆኑ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሥጋና ዳቦ ሳይቀሩ ተካተቱ። የመጀመሪያዋን ሳምንት ሕዝቡ ደስ አለው። ከዚያ ስኳርና ዘይት ከመደርደሪያ ጠፉ፣ ሰልፍ መጣ፤ ያው ዕቃ በጓሮ በር ከጣሪያው በላይ ይሸጥ ጀመር። ዓመቱ ሳያልቅ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ሸቀጦች ላይ ተነሣ። በዚያን ጊዜ ጦርነትም የተዘጋ መንገድም በሌለበት ያልሠራ ነገር ዛሬ እንዴት ይሠራል?

ገበሬ፣ ከሞረትና ጅሩ፦
እኔ አጭር ነገር ነው ያለኝ። አባቴ በደርግ ጊዜ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ያስገባ ነበር። ዋጋው ከላይ የተቆረጠ ነው፤ እህሉ ቢያንሰው ከገበያ ገዝቶ ኮታውን የሞላበት ዓመት ነበር፤ በውድ ገዝቶ በርካሽ ለመንግሥት ማለት ነው። በየኬላው እህል ይያዝ ስለነበር አንድ ቁና ለእኅቱ ቤት ለማድረስ እንኳ ሌሊት ይሄድ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ኮታው ሲቀር ጥቁር አፈራችን ያው ነበር፣ በሬዎቻችንም እነዚያው ነበሩ፤ አባቴ ግን በቀጣዩ ክረምት ጦም ያሳድረው የነበረውን መሬት አረሰ። መምህር፣ ገበሬ አቆይቶ ይሸጣል ያሉት ለማዳበሪያ ዕዳ ለሌለበት ሰው ነው፤ አብዛኞቻችን አውድማ ላይ እያለን ነው የምንሸጠው።

ጡረታ የወጣ የንግድ ቁጥጥር ሠራተኛ፣ ከአንኮበር፦
የዕድሜዬን ግማሽ ሱቅ ሳሽግ የኖርሁ ሰው ነኝና ከሁለቱም ወገን የምቀበለውም የማልቀበለውም አለኝ።

በመጀመሪያ ስለ ታሪኩ። ተመን ብዙ ጊዜ የሚመጣው መንግሥት ሲደነግጥ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነዳጅ ተወዶ የታክሲ ሾፌሮች ሥራ ሲያቆሙ፣ መምህራንም ሲያድሙ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የነዳጁን ዋጋ ቀነስ አድርገው በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ ቁጥጥር እንደሚደረግ አስታወቁ፤ ከዚያ በኋላ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ካቢኔውን የጣለው ተመኑ ነው አልልም፤ ዋነኛዎቹ ምክንያቶች ሌሎች ነበሩ፤ የወሎውም ረኀብ ተደብቆ መቆየቱ አንዱ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ዋጋ ይቆጣጠራል የተባለውን ቃል ሲሰማ የሚቆጣጠር እጅ እንደሌለ ያውቅ ነበር።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ከአንኮበር ቁልቁል ስትወርዱ አልዩ አምባ አለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች አሞሌ ጨውና የውጭ ዕቃ ይዘው የሚያርፉባት፣ ከደጋው የሚወርደውን ዕቃ የሚገዙባት ገበያ ነበረች። ንጉሡ ቀረጥ ይቀበሉ ነበር፤ ቀረጡን የሚያገኙት ግን ነጋዴው በሰላም ከደረሰ ብቻ ስለሆነ መንገዱ የእርሳቸው ጉዳይ ነበር። ልጅ ሳለሁ ሽማግሌዎች ስለ ደግ ዘመን ሲያወሩ አንድ ጣሳ ጨው ስንት እንደነበረ አይናገሩም፤ ሴት ልጅ ብቻዋን ገበያ ደርሳ ትመለስ ነበር ነው የሚሉት።

አሁን የሥራዬን ልናገር። በሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ወረዳ ውስጥ ለገበያ ቁጥጥር የምንሰማራ ሰዎች በጣት የምንቆጠር ነበርን። ጠዋት የዋጋ ዝርዝር ይዘን ከወጣን ሚዛን የሚያይ የለም። እኔ ግን ከተመን ይልቅ ሚዛን ላይ በዋልሁበት ቀን ለድሃ የበለጠ ጠቅሜያለሁ ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ኪሎ ተብሎ ስምንት መቶ ግራም የሚሸጥለት ሰው ዋጋው ቢተመንለትም ከአምስት አንድ እጁን ተሰርቋል። ጣሪያ በተጣለ ጊዜ ደግሞ ነጋዴው መጀመሪያ የሚነካው ሚዛኑን ነው፤ ጤፉን ከሌላ ዘር ይቀላቅላል፣ በርበሬውን በባዕድ ነገር ያበዛል። ዝርዝሩን ይዞ የሚሄደውም ባልደረባዬ ሲፈተን አይቻለሁ፤ ሱቅ ማሸግ የሚችል እጅ ላለማሸግም መቀበል ይችላልና።

ይሁን እንጂ እህቴ ነጋዴዋ ተመን ፈጽሞ አይሠራም ባሉት አልስማማም። መንግሥት ራሱ አስገብቶ በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ሲያከፋፍል የቆየው ስኳርና ዘይት አለ። እዚያ ላይ ዋጋ መወሰኑ ትክክል ነው፤ ዕቃው በእጁ ስላለ ዋጋው ቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም። በሰው እጅ ባለ ዕቃ ላይ፣ መንገዱን ሳይከፍት፣ ዋጋ ሲጽፍ ነው የማልቀበለው።

መምህር፣ ከደብረ ብርሃን፦
አባባ፣ ስለ ሚዛን የተናገሩትን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፤ ቤቴም ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። የወንድሜን የገበሬውንም እርማት ተቀብያለሁ። ነገር ግን ሁላችሁም የምትናገሩት ገበያ ሻጩ ብዙ፣ ገዢው መምረጥ የሚችልበት ገበያ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተማችን ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬና ከደብረ ሲና በሸሹ ሰዎች ተሞልታ፣ የከተማው ሰው ራሱ ወደ አዲስ አበባ መኪና ሲፈልግ የነበረበትን ሳምንት አስታውሱ። በእኛ ሰፈር ክፍት የነበረው ሱቅ አንድ ነበር። በአንድ ሱቅ መካከል ውድድር የለም። ሕፃን ያዘለች ተፈናቃይ ዱቄት የምትገዛው በተባለችው ዋጋ ነው፤ ወደ ሌላ ሱቅ ልሂድ ብትል የት ትሄዳለች? ሰላም እስኪመጣና መንገድ እስኪከፈት ድረስ ጠብቂ የሚላት መንግሥት ብቃት አለው ልንለው አንችልም። መንገድ መክፈት ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ረኀብ ግን ሦስት ቀን አይጠብቅም።

ሾፌር፣ ከደብረ ሲና፦
ጣርማ በርን ዘወትር የምሻገር ሰው ነኝ። መምህር ያሉት ሳምንት ልዩ ሳምንት ነው፤ የተቀረው ሁለትና ሦስት ዓመት ግን እንደዚያ ሳምንት አልነበረም። መንገዱ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን አስቀድሞ ቢነገረን፣ የእጀባው ሰዓት ቢታወቅ፣ በየኬላው የሚከፈለው በአንድ ደረሰኝ ቢያልቅ ኪራይ እንቀንሳለን። እኔ የማስከፍለው ለኪሎ ሜትሩ ብቻ አይደለም፤ ነገ ምን እንደሚገጥመኝ አለማወቄንም ነው።

የእህልና የሸቀጥ ነጋዴ፣ ከደብረ ብርሃን፦
መምህር ያነሡት የኅዳሩ ሳምንት ከባዱ ጥያቄ ነው፤ አልሸሸውም። በዚያ ሳምንት ሱቃቸውን ከፍተው ከቆዩት አንዷ እኔ ነበርሁ። ባለቤቴ ልጆቹን ይዞ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ፤ ዕቃዬን ትቼ መሄድ ስላልሆነልኝም ጭምር ነው፤ ጀግንነት ብቻ ነው አልልም። ያኔ ያደረግሁት ዋጋውን መቀነስ አልነበረም፤ መጠኑን መወሰን ነበር። ለአንድ ቤት ሁለት ኪሎ ዱቄትና አንድ ሊትር ዘይት፣ ከዚያ በላይ ለማንም፣ ለዘመድም ቢሆን የለም አልሁ። ገንዘብ ያለው ሰው አምስት ጀሪካን ጠቅልሎ እንዳይሄድ ያደረገው ይህ ነው፤ ዋጋው ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የደረሰ ሰው ሁሉንም ይወስደው ነበር። ስለዚህ በተከበበ ከተማ፣ ለቀናት፣ መንግሥት መጠን ይወስን ቢባል ደግፌ እጄን አወጣለሁ፤ ቀበሌውም ቤተሰቡን ስለሚያውቅ ሊሠራው ይችላል። ለተፈናቃይዋ ደግሞ እኔን በኪሣራ ሽጪላት ከማለት ገንዘቡን ወይም እህሉን ለእርሷ በእጇ ይስጣት፤ መጠባበቂያ የእህል ክምችት የሚያዝ ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ዋጋ ሲጨምርበት የሚናደደው ምክንያቱን ስለማያውቅ ነው፤ እኔም ጅምላ አከፋፋዩ ሲጨምርብኝ እንደዚያው እናደዳለሁ። ስለዚህ እኔ የገዛሁበትን ዋጋ፣ የኪራዩንና የአውራጁን፣ ትርፌንም ጨምሬ በሱቄ ግድግዳ ላይ በየሳምንቱ ለመለጠፍ ዝግጁ ነኝ። የከተማው አስተዳደርም ከአረርቲ፣ ከእነዋሪና ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ብርሃን በየኬላው በሕግ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ በአደባባይ ይለጥፍ። ከዚያ በኋላ ከሁለቱ ወረቀቶች በላይ የወጣውን ብር ማን እንደወሰደው አብረን እንፈልጋለን። መምህር፣ በዚህ ይስማማሉ?

ጡረታ የወጣ የንግድ ቁጥጥር ሠራተኛ፣ ከአንኮበር፦
እኔ እስማማለሁ። ወረቀቱ ላይ የሚዛኑ ማረጋገጫ ማኅተም የተመታበት ቀንም ይጻፍ።

መምህር፣ ከደብረ ብርሃን፦
የመጠን ገደቡን ተቀብያለሁ፤ ከተመን የተሻለ መሆኑንም አሳምናችሁኛል። ሁለቱን ወረቀቶች ከተማሪዎቼ ጋር በየሳምንቱ እየገለበጥሁ ለማነጻጸር ፈቃደኛ ነኝ። በአሮጌው ምንዛሪ የገባውን ዘይት በተመለከተ ግን አልተስማማንም። ያ የአንድ ቀን ልዩነት የማን ነው የሚለው ጥያቄ አልተመለሰልኝም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያ እንድንጀምር እጠይቃለሁ።