«ባሪያ» ብለው ልጄን ሲያቆላምጡ ምን ልበል?

የደብረ ብርሃን እናት፦
ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ጠይም ናት፣ ጠቆር ያለች። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ይዣት ወጣሁ። ሁልጊዜ ሽንኩርት የምገዛቸው እናት «ይቺ ባሪያ፣ እንዴት ታምራለች!» ብለው ጉንጯን ሳሟት። በፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ማታ ግን «እማዬ፣ ባሪያ ምንድነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ሴትዮዋን ሳላስቀይም ምን ልበላቸው?

የመንዝ ልጅ፦
እህቴ፣ እኛ ጋ ሁሉም ይለዋል። ክፋት የለውም፣ እለፊው።

አንኮበሬው፦
ክፋትማ አለው! ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ አልዩ አምባ የሚባል የድሮ የገበያ ከተማ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ገበያ መስመር ከጨውና ከቡና ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። አያቴ ያኔ ልጅ ነበሩ። ይኼን ያህል ቅርብ ነው። እኔም ትምህርት ቤት በዚህ ቃል ተጠርቻለሁ። እየሳቅኩ እመልስ ነበር፣ ቤት ስገባ አለቅሳለሁ። ለልጅሽ እውነቱን ንገሪያት። እማማን ደግሞ ሰው በሌለበት «በስሟ ሲጠሯት ደስ ይላታል» በያቸው።

የደብረ ብርሃን እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። እሳቸውን ቅዳሜ አናግራቸዋለሁ። ልጄን ግን ዛሬ ማታ።