የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ መሆን እፈልጋለሁ፣ ከድሬ ሆኜ ከየት ልጀምር?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ድሬ ነኝ፣ አካውንቲንግ ተምሬ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ፣ ሥዕል ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አልተውኩትም፣ በውሃ ቀለምም በስልኬም እስላለሁ። አሁን የእህቴ ልጅ ኬጂ ገብታ የምታመጣቸውን መጽሐፎች ሳይ ነው ነገሩ የከነከነኝ፣ ግማሹ ሥዕል ከኢንተርኔት ወርዶ የተለጠፈ ነው፣ ጣራው ላይ በረዶ፣ ልጆቹ ጓንት አድርገው፣ እኛ እዚህ በሙቀት እያለቅን። ባጃጅ የለ፣ ደቻቱ የለ፣ ጥላ ስር ማንጎ ደርድራ የምትሸጥ ሴት የለች። እና እኔ ለምን አልሠራውም ብዬ ተነሳሁ።

ጥያቄዬ፣ አንደኛ ይሄን ነገር የሚያስተምር ቦታ አለ ወይ፣ ሥራ ሳልለቅ ቢሆን ደስ ይለኛል። ሁለተኛ አሳታሚ እንዴት ነው የሚገኘው፣ ሥዕል ብቻ ይዤ ብሄድ የሚያየኝ አለ ወይስ ታሪኩንም ራሴ መጻፍ አለብኝ? ሦስተኛ ደሞ የሰፈራችን አንድ ትልቅ ሰው የጻፉት ተረት አለ፣ ሥዕሉን ሥሪልኝ አንዴ እከፍልሻለሁ ከዛ በኋላ ሁሉም ነገር የኔ ነው አሉኝ፣ ልቀበል? ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልኬ ሳምሰንግ ነው። በናታችሁ የምታውቁ መልሱልኝ።

ቀለም ከጀጎል፦
ሰላም እህቴ፣ ሐረር ነኝ፣ ሥዕል አስተምራለሁ። ትምህርት ቤት ከተባለ መጀመሪያ ስሙ የሚነሳው አዲስ አበባ ያለው የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው፣ ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት፣ አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር ያለ። መግቢያው በውጤት ብቻ አይደለም፣ ቁጭ አድርገው ያስሉሻል። ግን ለልጆች መጽሐፍ ተብሎ የተለየ ክፍል አትጠብቂ፣ ቅቡን ግራፊክሱን ተምረሽ እጅሽ ይፍታታል፣ የመጽሐፉን ነገር ራስሽ ነሽ የምትጨርሺው። በዚሁ ሙያ ብቻ ማስተርስ የሚሰጥ ውጪ አለ፣ እንግሊዝ አገር የአንግሊያ ረስኪን ዩኒቨርሲቲ ካምብሪጅ ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በዚህ የታወቀ ነው፣ ክፍያው ስኮላርሺፕ ካልተገኘ የኛ አቅም አይደለም፣ ለማንኛውም እነሱም የሚያዩት ፖርትፎሊዮሽን፣ ማለትም የምርጥ ሥራዎችሽን ስብስብ ነው።

አሁን እዛው ሆነሽ ምን ትሠሪያለሽ ካልሽ። ተማሪዎቼ አንዲት ቆንጆ ልጅ ስለው ያመጡልኛል፣ ዓይኗ ትልልቅ ጸጉሯ የተበጠረ፣ እሺ ይቺኑ ልጅ ከጀርባዋ አሳዩኝ፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስታስር፣ ስታኮርፍ ስላቸው ሌላ ልጅ ይዘው ይመጣሉ። ሥራው ያለው እዛ ጋ ነው፣ አንዲትን ልጅ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያቺው ልጅ አድርጎ ማቆየት። ሐረር ስትመጪ መኪና ግርግር ሂጂ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ያሉበት መንገድ፣ ሻይ ይዘሽ ቁጭ በይና አንዱን ሰፊ ብቻ ደጋግመሽ ስኬች አድርጊው፣ እግሩ ፔዳሉ ላይ፣ ክሩን በጥርሱ ሲበጥስ፣ ደንበኛ ሲመጣ ሜትሩን ከአንገቱ ሲያወርድ። በየወረቀቱ ያው ሰውዬ ከሆነ ፖርትፎሊዮ ማሰብ ትችያለሽ።

ሚሚ አዲሳባ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን እኔ ከአለ ነው የተመረቅኩት፣ ትምህርቱን እንዲህ ቀለል አድርጋችሁ ባታልፉት ጥሩ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ሥራሽን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ሰው ሁሉ ፊት መተቸታቸው ነው፣ ቤት ቁጭ ብለሽ እናትሽ ጎበዝ እያለችሽ እጅ መሳል እንደማትችዪ አታውቂውም። ሥራ መልቀቅ ካልቻልሽ ቢያንስ ሦስት አራት የሚስሉ ልጆች ፈልጊና በየሳምንቱ እየተገናኛችሁ ሳትተዛዘኑ ተቻቹ። ድሬ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አለላችሁ አይደል፣ ኤግዚቢሽን ሲኖር የሚመጡትን ተዋወቂ።

ባለማተሚያው፦
እህት ዓለም እኔ ማተሚያ ቤት ነው የምውለው፣ ሠዓሊዎች የሚያመጡት ፋይል ሁሌ አንድ ዓይነት ችግር ስላለው ከመጀመርሽ በፊት ስሚኝ።

የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ውጪ አገር ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፣ ቁጥሩ ዝም ብሎ አልመጣም፣ አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም በኩል ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል፣ ሁለቱ 32። እዚህ 16ም 24ም ይሠራል፣ በሽቦ የሚሰፋ ከሆነ ዋናው ለ4 መካፈሉ ነው፣ 30 ገጽ አድርገሽ ብታመጪልኝ ሁለት ባዶ ገጽ ገንዘብ ትከፍይበታለሽ። ከ32ቱ ላይ ርዕሱና የመብት ገጹ ምናምን ሲወጣ ለታሪኩ 12 ወይ 14 ጥንድ ገጽ ነው የሚተርፍሽ። ስለዚህ ቀለም ከመንካትሽ በፊት የደብተር ወረቀት አጣጥፈሽ በስቴፕለር ምቺና በእርሳስ ብቻ ሙሉ መጽሐፉን ሥሪው፣ ደሚ ይሉታል፣ ገጽ ስትገልጪ ነው የሚሰለቸው ቦታ የሚታይሽ።

ስልክሽ ይበቃል። ኢቢስ ፔይንት የሚባል የሥዕል አፕ ላይ መሥራት ይቻላል፣ ታብሌት ካገኘሽ ደሞ ክሪታ የሚባለው ነጻ ነው። ግን መጠኑን ከመጀመሪያው ስጪው። መጽሐፉ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጥንድ ገጹ 40 በ20 ነው፣ ለቁረጣ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ስትጨምሪ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 4795 በ2433 ፒክስል ይመጣል። ስልኩ ሌየር (አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረበውን የሥዕል ንብርብር) ይቀንስብሻል እንጂ ይሠራል። በትንሹ ሠርተሽ በኋላ ብትለጥጪው ግን ይደበዝዛል፣ እኛ ጋ መጥተሽ ብታለቅሺም አናድነውም። በቴሌግራም ስትልኪ ደሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪ፣ ፎቶ ካደረግሽው ይጨምቀዋል።

ቀለም ላይ፣ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሮዝ በአራቱ የማተሚያ ቀለም አይወጣም፣ ፈዘዝ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ሰው ሁሌ እኛን ነው የሚሳደበው። የባለታሪኳን ፊት ሁለቱ ገጽ የሚገናኙበት መሀል ላይ አታስቀምጪ፣ ጥራዙ ይውጠዋል። ጽሑፉን ደሞ ሥዕሉ ላይ አብረሽ አትሳዪው፣ ለብቻው ይቀመጥና በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም። ከአራቱም ቀለም የተደባለቀ ጥቁር ከሆነ ፕሌቱ (የማተሚያ ሰሌዳው) በፀጉር ያህል ሲሸሽ ፊደሉ ጥላ ያወጣል፣ ፊደል ገና የሚለይ ልጅ ደሞ ተ እና ቸ የሚለዩት በዛች በትንሿ ሰረዝ ነው።

ቲቸር ድሬ፦
ባለማተሚያው ይመችህ፣ ይሄ የመጨረሻው ነገር እኛን በየቀኑ ነው የሚያደክመን።

እኔ ኬጂ አስተምራለሁ። ልጆች ሥዕሉን ከኛ በላይ ነው የሚያነቡት። አንድ የምናነብላቸው መጽሐፍ ላይ ፍየሏ መጀመሪያ ነጭ ነች፣ መሀል ላይ ሠዓሊው ረስቶት ነው መሰለኝ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣች፣ ልጆቹ ሌላ ፍየል መጣች ብለው ያቺ የመጀመሪያዋ የት ሄደች ሲሉኝ ታሪኩ እዛው ቀረ። ጽሑፉ አምስት ዳቦ ካለ ይቆጥሩታል፣ አራት ከሆነ አለቀልሽ። ሌላው ጽሑፉ የሚለውን ያንኑ ደግመሽ አትሳዪ፣ ልጅቷ ፈራች ካለ የምትፈራ ልጅ ከማሳየት ከእናቷ ነጠላ ስር እግሯ ብቻ ወጥቶ ቢታይ እነሱ ራሳቸው ይነግሩኛል።

ከዛ የድሬን ነገር አስቢ አቦ፣ ክፍሌ ውስጥ አማርኛም ኦሮምኛም ሶማሊኛም የሚያወራ አለ፣ ሐረሪም አለ። መጽሐፍሽ ነገ በኦሮምኛ ወይ በሶማሊኛ ይውጣ ቢባል በላቲን ሲጻፍ መስመሩ ይረዝማል፣ ለአማርኛው ብቻ የሚበቃ ክፍት ቦታ ካስቀረሽ ሥዕሉ ላይ ሊጻፍበት ነው። ሰማይ ግድግዳ አሸዋ፣ እንደዚህ ዓይነት ረጭ ያለ ቦታ በየገጹ አስተርፊ። ደሚውን ስትጨርሺ ክፍሌ አምጪውና ላንብብላቸው፣ የት ጋ መንጫጫት እንደሚጀምሩ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ።

የሕግ ሰው፦
ሦስተኛውን ጥያቄ ሁላችሁም ዘለላችሁት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ላይ ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነ፣ በስምምነት ሌላ ነገር ካልተባለ በስተቀር፣ የመብቱ የመጀመሪያ ባለቤት አሠሪው ወይም ያዘዘው ሰው ነው። ስለዚህ ሰውየው ሁሉም የኔ ነው ባይሉ እንኳን ዝም ብለሽ ከሠራሽ ሕጉ ወደሳቸው ነው የሚያደላው። ብዙ ሠዓሊ ተቃራኒውን ነው የሚያስበው፣ እኔ የሳልኩት እስከሆነ የኔ ነው ይላል።

ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ብዙ አይደለም። ሥዕሉ ለዚህ መጽሐፍ፣ በዚህ ቋንቋ፣ ለዚህን ያህል ኮፒ ነው። ሌላ ቋንቋ ወይ ሌላ እትም ሲመጣ እንደገና እንነጋገራለን። የደብተር ሽፋን፣ ቲሸርት፣ ካርቱን ፊልም ለብቻው። ስምሽ ሽፋኑ ላይ ከደራሲው ስም ጋር። በውሃ ቀለም ከሠራሽው ኦሪጅናሉ ወረቀት ያንቺ፣ እሳቸው የሚወስዱት ስካኑን ነው። ክፍያውን ሲሶ ሲሶ አድርጊው፣ ስትፈራረሙ፣ እርሳሱ ሲያልቅና የመጨረሻው ፋይል ከመሰጠቱ በፊት። እርሳሱን አይተው እሺ ካሉ በኋላ ቀለም ላይ የሚመጣ ለውጥ ተጨማሪ እንደሚያስከፍል ጻፊው፣ አለዚያ የልጅቷን ቀሚስ እስክትሰለቺ ነው የምትቀይሪው። ሁሉንም መብት ልሽጥ ካልሽም መብትሽ ነው፣ ግን ዋጋው የአንድ መጽሐፍ ዋጋ መሆን የለበትም።

የሳቢያን ልጅ፦
ኧረ ተባረኩ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም። ግን የሕግ ሰው፣ ሰውየው ያሳደጉኝ ያህል ናቸው፣ ከአባቴ ጋር ቡና የሚጠጡ፣ ውል እንፈራረም ስላቸው አላመነችኝም ነው የሚሉት። እንዴት ብዬ ላንሳው?

የሕግ ሰው፦
ውል የሚለውን ቃል አታንሺው። ጋሼ ገጹንና ኮፒውን አንድ ወረቀት ላይ እናስፍረው፣ ማተሚያ ቤት ስንሄድ እንዳንደናገር በያቸው። ሌላውን እዛው ስር ጻፊና ሁለታችሁም ፈርሙበት፣ ውል ነው ማለት ነው።

ባለማተሚያው፦
እኛ ላይ አሳብቢው ችግር የለም፣ እውነትም ገጹንና ኮፒውን እንጠይቃለን።

ከሲያትል፦
ሰላም የሀገሬ ልጆች። ታሪኩን ራስሽ መጻፍ ግዴታ አይደለም፣ ውጪ ባሉ አሳታሚዎች ብዙ ጊዜ ደራሲና ሠዓሊ የሚያገናኘው አሳታሚው ነው፣ ሁለቱ ላይተዋወቁ ሁሉ ይችላሉ። ስለዚህ ሥዕል ብቻ ይዞ መሄድ ያለ ነው። ከ10 እስከ 15 ሥራ በቂ ነው፣ ከዛ ውስጥ ሦስት አራቱ አንዷ ባለታሪክ በተለያየ ሁኔታ የምትታይበት፣ እንስሳ፣ ብዙ ሰው ያለበት ገበያ፣ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሁለት ደሞ ያለ ቀለም በጥቁርና ነጭ ይሁን። ደካማዋን ሥራ አውጪያት፣ የሚያይሽ ሰው የሚያስታውሰው እሷን ነው።

እዚህ ሲያትል አካባቢ ኦፕን ሀርትስ ቢግ ድሪምስ የሚባል ድርጅት ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ በሚል በአማርኛ በኦሮምኛ በትግርኛ በሶማሊኛ ከእንግሊዝኛ ጋር የልጆች መጽሐፍ ያወጣል፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ሠዓሊዎችም ሠርተውለታል። አዲስ አበባ ደሞ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ አለ፣ በልጆች ሥራ የቆየ ነው። ጣሊያን ቦሎኛ ላይ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጸደዩ የሚደረግ የልጆች መጽሐፍ አውደ ርዕይ አለ፣ የሠዓሊዎች ውድድሩ ላይ አምስት ሥዕል ነው የሚላከው፣ መጽሐፍ አሳትሞ የማያውቅም ይገባል፣ ባታልፊ እንኳን አምስት አንድ ላይ የሚሄድ ሥዕል መጨረስ ራሱ ፖርትፎሊዮ ነው። ለመለማመድ አፍሪካን ስቶሪቡክና የህንዱ ስቶሪዊቨር ላይ በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ታሪኮች አሉ፣ አማርኛም አለበት፣ አንዱን መርጠሽ በራስሽ ሥዕል ሥሪው።

አቦ ድሬ፦
ከሲያትል ወንድሜ ያልከው ጥሩ ነው ግን ነጻ ፈቃድ ላይ ልጅቷን አስጠንቅቃት እንጂ። ስቶሪዊቨር ላይ ራስሽ የጫንሽው ሥዕል ስምሽን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ሰው አትሞ ሊሸጠው ይችላል፣ ተመልሶ አይነሳም። የሚወዱትን ካራክተር እዛ አይጭኑም። እኔ በበኩሌ ለልምምድ እያሉ በነጻ ማሠራት አይመቸኝም፣ ሀገሩ ሁሉ ለሠዓሊ የሚከፍለው በምስጋና ነው።

ከሲያትል፦
እውነት ነው። ታሪኩን ወስደሽ ሥሪ፣ ሥዕሉን ፖርትፎሊዮሽ ውስጥ አስቀሪው፣ መጫን የለብሽም።

የሳቢያን ልጅ፦
ገባኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ጋሼ ካልሆነላቸው ራሴ ባሳትምስ? 50 ኮፒ አሳትሜ ለኬጂዎች ብሸጥ ብዬ አስቤ ነበር።

ባለማተሚያው፦
50 ከሆነ ኦፍሴት፣ በፕሌት በብዛት የሚታተመውን፣ አትጠይቂ። ኦፍሴት ላይ ፕሌቱና ማሽን ማዘጋጀቱ ለ50ም ለ2,000ም ያው ነው፣ ወጪው ለ50 መጽሐፍ ሲካፈል አንዱን የሚገዛሽ አይኖርም። ዲጂታል ህትመት ጠይቂ፣ የአንዱ ዋጋ ከብዙ ኮፒ ኦፍሴት ይወደዳል ግን ጠቅላላው የምትችይው ነው። አይኤስቢኤን (የመጽሐፉ መለያ ቁጥር) ከወመዘክር፣ ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ነው የሚወጣው፣ ሽፋኑን ከመጨረስሽ በፊት አውጪው ባርኮድ የሚገባበት ቦታ ከጀርባ እንድታስተርፊ። ሁሉንም ከማሳተምሽ በፊት ደሞ አንድ ኮፒ ብቻ አስወጪና ቲቸር ድሬ ጋ ውሰጂው፣ ወረቀቱን የልጅ እጅ ሲጎትተው ካልቻለ ግራሙን እንጨምራለን፣ ወፈር ያለ ወረቀት ማለት ነው።