ጥቆማ፦ ዘፋኝ የሌለበት ግን መልስ ላይ ሰው የሚያስነሳ አልበም (ጎንደር ላይ የት እንደሚጫን ጭምር)

«ለወንድሜ መልስ ትልቁንም ትንሹንም ሚያስጨፍር፣ ከተለመደው የሰርግ ዘፈን ወጣ ያለ ነገር ጠቁሙኝ፣ ፒያሳ አካባቢስ ማን ጋ በጥራት ይገኛል?» ላልሽው እህት ነው፣ ኮመንት ላይ ጀምሬው ስለረዘመብኝ ለብቻው ለጠፍኩት።

የዋልያስ ባንድን «ቼ በለው» ያዢ። በፈረንጆቹ 1977 የወጣ ሸክላ ነው፣ ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ መርጊያ አለ፣ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎን (በዘንግ ሚመታውን የብረት መሳሪያ) ይዞ ገብቶበታል። «ሙዚቃዊ ስልት» ሚባለውን የግርማ በየነን ድርሰት ስሙን ባታውቂው እንኳን ጆሮሽ ያውቀዋል፣ ቤዙ እንደ ጥቁር አሜሪካኖቹ ፈንክ ይዞራል ጥሩምባና ሳክሱ ከላይ ሲመጡ ግን የኛው ናቸው፣ ትከሻ ሳይጠየቅ ይሄዳል። «ቼ» እንግዲህ ፈረስ ማስጋለቢያ ነው፣ የፋሲል መዋኛ ጋ የፈረስ መቃብር አለ ለሚባልበት ከተማ ልጅ ይሄን ማስረዳት ነውር ነው ሃሃ።

ይሄን ያህል አመት ለምን አልሰለቸም ካልሽ፣ ዋልያሶች ሂልተን ነበር ሚጫወቱት፣ በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር ማታ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት የለም፣ በሩ ተዘግቶ እስከ ንጋት ጭፈራ ነው። እና እኔ ሚመስለኝ እንደዛ አይነት ቤት ውስጥ የተገራ ሙዚቃ አይቸኩልም፣ አንዴ ኦርጋኑ ይወጣል፣ አንዴ ሳክሱ፣ ቤዙ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም፣ ጨፋሪው ትንፋሽ ሚሰበስብበት ቦታ ያገኛል። ያሁኑ ዘፈን ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ይጮህና ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሰው ወንበሩን ይፈልጋል።

አምና ጥር አዘዞ የአጎቴ ልጅ መልስ ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። አጎቴ ጉልበቴ ጉልበቴ እያለ ከድንኳኑ ጥግ አልነሳም ብሎ ነበር፣ ይሄው ሙዚቃ ተለቆ ቤዙ ሦስት አራቴ እንደዞረ በመጀመሪያ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ትንሽ ቆይቶ አንገቱ ጀመረ፣ ከዛ ጋቢውን ለሚስቱ ሰጥቶ ተነሳ። ልክ መሀል ሲደርስ ዲጄው ቆረጠው! ምነው ስለው «ዘፋኙ እኮ አልገባም፣ የተበላሸ ፋይል መስሎኝ» አለኝ። አጎቴ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። እንግዲህ ዲጄ ስትይዢ ይሄን አስቀድመሽ ንገሪው፣ ዘፋኝ የለውም አትጠብቅ በይው።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ፣ ፒያሳ ፍላሽ ላይ ሚጭኑት ቤቶች ርካሽ ናቸው ፈጣንም ናቸው፣ ችግሩ ብዙዎቹ ከዩቲዩብ የወረደ ነው ሚሰጡሽ፣ ስልክ ላይ አይታወቅሽም ትልቅ ስፒከር ላይ ግን ጸናጽሉ እንደ ቆርቆሮ ይንሻሻል፣ አንደኛው ቤት ደግሞ የሙሉቀንን ዘፈን «ዋልያስ» ብሎ ጭኖልኛል። ቅዳሜ ገበያ በኩል አሮጌ ካሴት ይገኛል፣ ለትዝታ ጥሩ ነው ለድንኳን አይሆንም። ሸክላው በፈረንጆቹ 2014 አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታትሟል፣ ዲሲ ዘመድ ካለሽ አስመጪው፣ ማጫወቻው ከሌለሽ ግን ግድግዳ ላይ ነው ምትሰቅይው። እኔ ምመክርሽ ከኢንተርኔት በህጋዊ ገዝተሽ ዋናውን ፋይል ራስሽ ፍላሽ ላይ አርጊው፣ ካርድ ያለው ውጭ አገር ዘመድ አይጠፋም።

ሳውንድ ኪራይ ላይ ሁለት አይነት አለ፣ ቀበሌ 18 በኩል ሁለት ስፒከር ብቻ አምጥተው ሚያቆሙ አሉ፣ ረከስ ይላሉ፣ ለዚህ ሙዚቃ ግን እንዳትሞክሪው፣ ቤዙ ከሌለ የቀረው የክላክስ ድምፅ ነው። ሳብ (ቤዙን ሚያወጣውን ትልቁን ስፒከር) ጨምሩ በያቸው፣ ጄኔሬተርም ከነነዳጁ በዋጋው ውስጥ መሆኑን አረጋግጪ፣ መብራት በሄደ ቁጥር «ነዳጅ የናንተ ነው» ሚል ጣጣ አለ።

ከጭፈራው በኋላ ቡና ሲፈላ ደግሞ ያው ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር የሰራውን «ወደ ሐረር ጉዞ» ልቀቂ፣ በፈረንጆቹ የ1978 ነው፣ ረጋ ያለ፣ ሰው ሳይጮህ ያወራበታል። በፈረንጆቹ የ1985ቱን አኮርዲዮን ያለበትን «ሸሞንሟናዬ»ን ለባጃጅ ነው ምወደው፣ ለድንኳን ብቸኛ ይሆናል። ሰውዬው ዲሲ ታክሲ ሲነዳ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር፣ የኛ ባጃጅ ነጂዎች ይስሙት።

*

ከስር የተጠየቀ፦ «ወንድምዓለም፣ ከማሲንቆ ጋር እንዴት ይሄዳል? አዝማሪ ይዘናል።»

ይሄዳል ግን አትደራርቡት። አዝማሪው ሙሽሮቹን አሞግሶ ሽልማቱን ሰብስቦ ሲቀመጥ፣ ሰው ገና ትከሻው እንደሞቀ ነው ወዲያው «ሙዚቃዊ ስልት»ን መልቀቅ። እኛ ጋ አዝማሪው ራሱ ማሲንቆውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ገብቶበታል።

«ሙሉውን አልበም ወይስ እየመረጡ?»

ለድንኳን እየመረጡ፣ መሀል ላይ ቀዝቀዝ ሚሉ አሉ። ማታ እቃ ሲታጠብ ግን ሙሉውን። ባለፈው ሰርግ ማግስት እናቴ ድስቱን እየፈተገች «ይሄን ነገር ከፍ አርገው» ብላኛለች።