ደብረ ብርሃን ላይ ድረ ገጽ የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት፦ ዋጋ፣ ውልና ዓመታዊ ክብካቤ እንዴት ይያዝ?

ብርድልብስ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁለት ሰዎች ሆነን ደብረ ብርሃን ላይ ድረ ገጽ እንሠራለን። ንግድ ፈቃዱም ቲኑም አለ። ደንበኞቻችን በአብዛኛው ሆቴሎች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ናቸው፤ ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢትም ጠያቂ አለ። የምንሠራው በወርድፕሬስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም)፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው።

ሦስት ነገር ላይ የምታውቁትን ንገሩን። ዋጋ በገጽ ብዛት ይቆረጥ ወይስ በሰዓት? የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ «ባለ አምስት ገጽ ስንት ነው?» ነው። ዶሜንና ሆስቲንግስ (የድረ ገጹ አድራሻና የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) በማን ስም ይሁን? ሥራው ካለቀ በኋላ ለሚመጣው «ይቺን ብቻ አስተካክሉልኝ» ምን ይደረግ?

ጣርማበር

በሰዓት አስሉ፣ በጥቅል ንገሩ። ስሌቱ የቤት ውስጥ ነው፤ ደንበኛው የሰዓት ዋጋ ከሰማ ቁጭ ብሎ ሰዓት ይቆጥርባችኋል።

የወር ወጪን ሁሉ ደምሩ፤ ኪራይ፣ ኢንተርኔት፣ መብራት፣ የኮምፒውተር መተኪያ፣ የሁለታችሁም ደመወዝ። ብዙ ሰው የራሱን ደመወዝ ወጪ ውስጥ አያስገባም፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ ትርፉ የት እንደገባ ይጠፋዋል። ለምሳሌ ድምሩ 80,000 ብር ቢመጣ፦ አንድ ሰው በወር 160 ሰዓት ቢሮ ቢቀመጥም ሊያስከፍልበት የሚችለው 100 ያህሉን ነው። የቀረውን ስልክ፣ ፕሮፎርማ ማስገባት፣ ክፍያ ማሳደድና መብራት መጠበቅ ይበላዋል። ሁለት ሰው 200 ሰዓት፣ አንዱ ሰዓት 400 ብር ይፈጃል ማለት ነው። በሁለት ቋንቋ የሚሠራ የሆቴል ድረ ገጽ ከ60 እስከ 80 ሰዓት ይወስዳል፤ 70 ብትይዙ 28,000 ብር ወጪው ብቻ ነው። ለመጠባበቂያና ለትርፍ 30 በመቶ ጨምሩበት፣ 36,400። ቁጥሮቹ ማሳያ ናቸው፣ የራሳችሁን ተኩበት። ከወጪው በታች የምትቀበሉትን ሥራ ግን ከኪሳችሁ እየከፈላችሁ ነው የምትሠሩት።

የገጽ ብዛት አሳሳች ነው። የክሊኒክ አምስት ገጽ ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ሊሆን ይችላል። የትምህርት ቤት አምስት ገጽ ውስጥ ግን አንዷ የምዝገባ ቅጽ ከሆነች ፋይል መቀበያ፣ የማረጋገጫ መልእክትና ለጸሐፊዋ የሚወጣ የኤክሴል ዝርዝር ትፈልጋለች። ያቺ አንዷ ከአራቱ ትበልጣለች።

ክፍያው 40፣ 40፣ 20 በመቶ ይሁን። 40 ውል ሲፈረም፣ 40 ንድፉ ሲጸድቅ፣ 20 ከመለቀቁ በፊት። «ሥራው ሲያልቅ» የሚል ቃል ውል ውስጥ አይግባ፤ ማለቁን ማን ይወስናል? በምትኩ «ለፍተሻ ከቀረበ በ10 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስተያየት ካልመጣ እንደተረከቡ ይቆጠራል» በሉ። የእርማት ዙር ሁለት ብቻ፣ አስተያየቱም በአንድ ዝርዝር፣ ከአንድ ሰው። ሆቴል ላይ ባለቤቱ፣ ሥራ አስኪያጁና ከአዲስ አበባ የመጣው የባለቤቱ ልጅ የየራሳቸው ቀለም አላቸውና የሚወስነው ሰው ስም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ሥራ የሚቆመው ደግሞ ኮድ ላይ አይደለም፤ «ስለ እኛ» የምትለዋ ጽሑፍ ሳትመጣ ነው ወራት የሚያልፉት። ደንበኛን ጽሑፍ አትጠይቁት። በቴሌግራም ከ10 እስከ 12 አጫጭር ጥያቄ ላኩለት፣ በድምፅ ይመልስ፣ እናንተ ጻፉት፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ አካቱ። ፎቶም እንዲሁ፤ ግማሽ ቀን ሄዳችሁ ብታነሱ ይሻላል። ጽሑፉ በ15 ቀን ካልመጣ ሥራው ወረፋ እንደሚያጣ ውሉ ላይ ይስፈር።

እስኪከፈል ድረስ በሙከራ አድራሻ ላይ ይቆይ። ያኔ ወርድፕሬስ ላይ የፍለጋ ሞተሮች እንዳያዩት የምትደረገውን ምልክት ስትለቁት ማንሳት አትርሱ። ተረስታ የቀረች እንደሆነ ጉግል ድረ ገጹን ጭራሽ አያወጣውም፣ ባለቤቱም «ስሜን ብፈልገው የለም» ብሎ ይመጣል።

ጓሳ

ዶሜን በደንበኛው ስም፣ በድርጅቱ ኢሜይል ይመዝገብ። ያለ ክርክር። ኢሜይሉ የሠራተኛ የግል ጂሜይል ከሆነ ሠራተኛው ሲለቅ ዶሜኑ አብሮ ይሄዳል። ለድርጅቱ አዲስ ኢሜይል ከፍታችሁ የመልሶ ማግኛ ስልኩን የባለቤቱን አድርጉት። እናንተ በተወካይነት ግቡ። በራሳችሁ ስም መዝግቦ ደንበኛን አስሮ ማቆየት የሚመስላችሁ ካለ፣ ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በሳምንት ውስጥ ወሬው ሁሉም ሆቴል ይደርሳል።

ዶት ኢቲ የሚሰጠው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ዶት ኮም በዶላር ነው፣ ሆስቲንጉም የውጭ ከሆነ እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ባንክ ላይ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ወጣ። «የአምስት ዓመት ሆስቲንግ በዚሁ ዋጋ» ብሎ የፈረመ ሁሉ ልዩነቱን ከራሱ ነው የሸፈነው። ውላችሁ ላይ «በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ወጪ በዕለቱ የባንክ ዋጋ ይታሰባል» የሚል መስመር ይኑር።

የዶሜን ጊዜ ሲያልፍ የሚሆነውንም እወቁ። ዶት ኮም ካለፈበት በኋላ እንደ መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ድረስ በመደበኛ ዋጋ ሊታደስ ይችላል፤ ከዚያ 30 ቀን ከባድ ቅጣት ተከፍሎበት ብቻ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ከዚያ 5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ለማንም ክፍት ይሆናል። ማስታወሻውን 60 እና 30 ቀን ሲቀረው በስልክ እንጂ በኢሜይል አትላኩ፣ ማንም አያነበውም።

አንድ ሰርቨር ላይ ሁሉንም ደንበኛ ካስቀመጣችሁ ለእያንዳንዱ የተለየ ተጠቃሚ ክፈቱ። በአንድ አካውንት ውስጥ 20 ወርድፕሬስ ከተደረደረ የአንዱ ያረጀ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ሲሰበር ሁሉም ይበከላል። የተሰረቀ ፕሪሚየም ቴምም (የድረ ገጹን መልክ የሚሰጠው) የዚሁ ዘመድ ነው። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ)፦ ዳታቤዙ በየቀኑ፣ ፋይሎቹ በየሳምንቱ፣ ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጡ። በየሦስት ወሩም አንዱን መልሳችሁ ሞክሩ።

የሆቴሉ የኢሜይል መልስ እንግዳው ስፓም ውስጥ የሚገባ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉት፣ ኢሜይሉ በእውነት ከዚያ ዶሜን መምጣቱን የሚያረጋግጡ ሦስት የዲኤንኤስ (የዶሜኑ ቅንብር) መዝገቦች ስላልገቡ ነው። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ለብቻው አስከፍሉ።

ፊደል_ገበታ

የአማርኛውን ጣጣ ማንም ስላላነሳው ልጨምር። ደንበኛ «አልሠራልኝም» ከሚለው ግማሹ እዚህ ነው።

አማርኛው ሲበላሽ በምን መልክ እንደተበላሸ እዩ። ባዶ ሳጥን ከሆነ ፎንት ነው የጠፋው፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከራሳችሁ ሰርቨር ጫኑ፣ የተጠቃሚውን ስልክ አትመኑ። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከሆነ ጽሑፉ አለ፣ የሚነበብበት ኢንኮዲንግ (የፊደል ኮድ) ነው የተሳሳተው፣ ይመለሳል። ተራ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ዳታቤዙ ሲቀበለው ጥሎታል፤ ባክአፕ ከሌለ አይመለስም። ስለዚህ የዳታቤዙ ኢንኮዲንግ ከመነሻው ዩቲኤፍ ስምንት ኤምቢ ፎር (utf8mb4) ይሁን። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ትምህርት ቤቶች የሚሰጧችሁ የድሮ ወርድ ፋይል ዩኒኮድ (የዛሬው የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆነ የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ስትለጥፉት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። መቀየሪያ ፕሮግራም አለ፣ ግን ቁጥሮችንና አራት ነጥብን ያሳስታልና አንድ ሰው መስመር በመስመር ያንብበው።

የገጽ አድራሻ በላቲን ፊደል ይሁን። አንድ የአማርኛ ፊደል አድራሻ ውስጥ ሲገባ ወደ 9 ምልክት ይቀየራል፣ ወርድፕሬስ ደግሞ ከ200 በኋላ ይቆርጠዋል። 22 ፊደል ሳይሞላ ርዕሱ መሀል ላይ ይቀራል፣ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍም አንድ አንቀጽ የሚያህል ዝባዝንኬ ነው። ለወላጆች በኤስኤምኤስ ውጤት የሚላክ ከሆነም ሒሳቡን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል። «የተከበሩ ወላጅ» ብሎ የሚጀምር ረጅም ሰላምታ ወጪውን ያጥፈዋል።

ፍለጋ ላይ «ብርሃን» የሚጽፍ፣ «ብርሀን» የሚጽፍ፣ «ደ/ብርሃን» የሚል አለ። ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፤ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንዲሁ በሰባቱም ድምፅ የሚያጠጋ ሰንጠረዥ ሥሩ። ሀና ሃ፣ አና ኣም አይቅሩ። የተስተካከለውን ቅጂ በሌላ አምድ አስቀምጡና ፍለጋው በዚያ ላይ ይሂድ፤ የሚታየው ጽሑፍ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ።

ቀን ደግሞ ዳታቤዝ ውስጥ በጎርጎርዮስ፣ ማሳያው ላይ በኢትዮጵያ። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ያለው ኢንትል (Intl) የሚባለው የቀን ማሳያ የእኛን ካላንደር ያውቃል፣ ግን ለማሳየት ብቻ ነው፤ ተጠቃሚው በእኛ ቀን ያስገባውን ወደ ጎርጎርዮስ አይመልስላችሁም፤ ለዚያ ሌላ ላይብረሪ (ዝግጁ ኮድ) ያስፈልጋል። መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ብሎ መጻፍ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ማግስት ይሰበራል፣ ቀጣይዋ በ2019 ማብቂያ ናት። የሆቴል መግቢያ ሰዓትም «6 ሰዓት» ብቻ ከተባለ የውጭ እንግዳ በማለዳ ይመጣል። አማርኛው ላይ «ከቀኑ 6 ሰዓት»፣ እንግሊዝኛው ላይ 12።

ፎቶ? ከስልክ የወጣ 4 ሜጋባይት ፎቶ እንዳለ አይጫን። ወርዱን 1600 ፒክስል፣ ዓይነቱን ዌብፒ፣ ክብደቱን ከ150 ኪሎባይት በታች አድርጉት። መንዝ ላይ በ3ጂ የሚከፍተውን ሰው አስቡ።

ደረሰኝ_ያዥ

አጭር ነገር። ድርጅት ሲከፍላችሁ ቅድመ ግብር ቀንሶ ከሆነ የቀነሰበትን ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ። ዓመቱ ሲዘጋ ከግብራችሁ የሚታሰበው በዚያ ወረቀት ነው። ፕሮፎርማ ላይ ዋጋው ቫትን ይጨምር አይጨምር በግልጽ ይጻፍ፤ ዝም ካላችሁ የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ 15 በመቶው ከእናንተ ይወጣል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ከመጣ በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጣደፋሉ፣ ሐምሌ ላይ ፊርማ የሚያገኝ ሰው የለም። ርክክቡን እስከ ሰኔ አጋማሽ አስፈርሙ። የኢመደአ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) የደህንነት ፍተሻ ከተጠየቀም ጊዜው ውሉ ውስጥ ይግባ፣ ከእናንተ የመሥሪያ ቀን አይቆጠር።

ብርድልብስ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ነገር ተቃለለ። የቀረን ዓመታዊው ክፍያ ነው። በዓመቱ ስንጠይቅ «ምን ተሠራና ነው?» ይላሉ። ኦንላይን ክፍያ ይግባልን የሚሉም አሉ።

ጣርማበር

የማይታይ ሥራ አይከፈልበትም፤ እንዲታይ አድርጉት። በየወሩ መጀመሪያ አምስት መስመር በቴሌግራም ለባለቤቱ ላኩ፦ ስንት ሰው ጎበኘ፣ ስንት ሰው ስልኳን ነክቶ ደወለ፣ የትኞቹ ፕለጊኖች ታደሱ፣ መጨረሻው ባክአፕ መቼ ነው፣ ዶሜኑ መቼ ያበቃል። ውሉ ውስጥ በወር 1 ሰዓት ጥቃቅን ማስተካከያ አካቱ፤ የዋጋ ለውጥ፣ ፎቶ መቀየር። ያልተጠቀሙበት ሰዓት ወደ ሚቀጥለው ወር አይተላለፍም። «ይቺን ብቻ» ከዚያ ካለፈች በሰዓት ትታሰባለች። ክፍያውን በዓመት አንዴ፣ አስቀድሞ ተቀበሉ።

ጓሳ

በዓመት የሚለው ለትምህርት ቤት ይሠራል፣ ምዝገባ ሲጀምሩ እጃቸው ላይ ገንዘብ አለ። ለትንሽ ሆቴል ግን አልስማማም፤ በሦስት ወር ከፋፍሉት፣ አንዴ ትልቅ ቁጥር ሲያይ ይተወዋል። ዶሜንና ሆስቲንጉን ብቻ ለይታችሁ በዓመት፣ ከመታደሱ በፊት።

ኦንላይን ክፍያው ላይ፦ ጌትዌይ በሚባሉት የክፍያ አገናኞች፣ በቻፓ ወይም በሳንቲምፔይ በኩል ቴሌብርንም ባንኮችንም በአንዴ ማስገባት ይቻላል። የነጋዴ አካውንቱ በሆቴሉ ንግድ ፈቃድና በሆቴሉ ባንክ ይከፈት፤ የሰው ገንዘብ በእናንተ ሒሳብ እንዳያልፍ። ኮዱ ላይ፣ ደንበኛው «ተሳክቷል» ወደሚለው ገጽ ስለተመለሰ ብቻ ክፍሉን አትያዙለት። ያንን አድራሻ ማንም በእጁ ሊጽፈው ይችላል፤ ከፍሎ ኔትወርክ የሄደበት ደግሞ ጭራሽ አይመለስም። ሰርቨራችሁ በግብይት ቁጥሩ ጌትዌዩን ይጠይቅ፣ መጠኑንም ካዘዘው ጋር ያመሳክር። የጌትዌዩ ማሳወቂያ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ስለሚችል ያው ቁጥር ከተመዘገበ ሁለተኛውን ዝለሉት፤ አለበለዚያ አንድ እንግዳ ሁለት ክፍል ይያዝለታል።